ያልተቀየረው ዘይት

ወንድሜ፣

ቁልፉ ከወረቀቱ ሥር ነው፤ እኔ በአውቶቡስ ሄጃለሁ።

ሐሙስ እማዬን ሐኪም ቤት ከመውሰድህ በፊት የፒክአፗን ዘይትና ፊልትሮ አስቀይር። ሁለቱንም ገዝቼ ከወንበሩ ኋላ ካስቀመጥኳቸው ሁለት ወር ሆኗቸዋል። የራዲያተሩንም ውሃ እይ፤ ሞተሩ ሳይበርድ ግን ክዳኑን እንዳትነካ።

ልቤ አልረጋ ብሎኝ ሦስቴ ከበር ተመልሻለሁ።

መሪው ሥር በተንጠለጠለው የዘይት መቀየሪያ ካርድ ላይ «ተቀይሯል» ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። አልተቀየረም። ዛሬ ነገ ስል ቀረ።

ሞተሩ መንኳኳት ሲጀምር ግን እማዬ ፊት «መኪናዋን በአነዳድህ ገደልካት!» ብዬ ጮህኩብህ። በየሳምንቱ ጎማዋን የምታስነፋውን አንተን አመድ አፋሽ አደረግሁህ።

ይቅርታ ያልከው ደግሞ አንተ!

አውቶቡሱ ሊያመልጠኝ ነው።

ወረቀቱን ለእማዬ አንብብላት። ጮክ ብለህ።

እህትህ