በመቅጃ ሳጥኑ ውስጥ የቀረው የእናታችን ድምፅ

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ ለማሙሽ፤

ለጤናህ እንዴት ነህ? ባለቤትህስ? ልጆችህስ? ያ የወገብህ ሕመም ተሻለህ ወይስ ዛሬም ጎንበስ ባልክ ቁጥር ይይዝሃል? እኔ ዓይኔ ከመድከሙ በቀር ደህና ነኝ። ደህና ነኝ የምልህም ደብዳቤ እንዲህ ስለሚጀመር ነው፤ እናታችን ካረፈች ወዲህ በዚህ ቤት ደህና የሆነ ነገር የለም።

ባለፈው በስልክ ያልከኝ ነገር እስካሁን ይከነክነኛል። የእናታችንን ድምፅ ቅጂልኝ ብለህ ማይኩንና ከኮምፒዩተር ጋር የሚገናኘውን ትንሽ መቅጃ ሳጥን የላክህልኝ አንተው ነህ። አምስት ቀን አልጋዋ አጠገብ ቁጭ ብዬ ቀዳሁ። ካረፈች በኋላ ላዳምጠው ብል ጭጭ አለ። ኮምፒዩተሩ ላይ የድምፁ መስመር ከፍ ዝቅ ይላል፣ በጆሮ ማዳመጫው ግን ምንም የለም። ድምፅ ከሌለው ባዶ ነው፣ አጥፊው አልከኝ። በቀብሯ ያልተገኘህ ሰው ድምፅዋን ቅበሪው ስትለኝ አፍህን አልያዘህም።

ኮምፒዩተር ጠጋኙ ጎረቤታችን መጥቶ አየው። ኮምፒዩተሩ ድምፁን ወደ ሳጥኑ እየላከ ነው፣ ሳጥኑ ግን አብቅቶለታል ብሎኝ ሄደ። እኔ ደግሞ ሠላሳ ዓመት የሰው ልብስ ስሰፋ የኖርኩ ነኝ። የስፌት መኪና ጥልፉን መዝለል ሲጀምር ሞተ አይባልም፤ ክሩን ከመርፌው ተነስቶ እስከ ጥቅሉ ድረስ በጣት እየተከተሉ ማየት ነው።

ትናንት ሥራዬን አስቀምጬ ከጆሮዬ ጀመርኩ። ማዳመጫውን እንዳጠለቅሁ መቀሴ ከሳጥኑ ሳልነቅለው ጠረጴዛው ላይ ከተውኩት ማይክ አጠገብ ወደቀና ኳኳታው ጆሮዬን በጠሰው። ስተነፍስ ትንፋሼን፣ ስናገር የራሴን ድምፅ እሰማለሁ። የእሷን ብቻ አልሰማም። ሳጥኑ ላይ ያለችውን ትንሽ ማዞሪያ ያየሁት ያኔ ነው። በአንድ ጎኗ ማይክ፣ በሌላው ጎኗ ኮምፒዩተር ተሥሏል። ስቀዳ የእናታችን ድምፅ እየደከመ ሲሄድ በደንብ ልስማት ብዬ እስከ መጨረሻው ወደ ማይኩ ያዞርኳት እኔው ነኝ። እንደዚያው ትቻት፣ ለካ ሳጥኑ ኮምፒዩተሩን ትቶ እኔኑ ሲያሰማኝ ከርሟል። ወደ ኮምፒዩተሩ ባዞራት እናታችን ጆሮዬ ውስጥ ጉሮሮዋን ጠረገች።

የአራቱ ቀን ቅጂ ማሙሽ፣ ማሙሽ ነው። ሃያ ዓመት ያላየችህን ስትጠራ፣ ያጠብኳትና ያገላበጥኳት የእኔ ስም አይነሳም። አልገረመኝም። በአምስተኛው ቀን ግን ውሃ ላመጣ ወጥቼ ሳለ የነገረችህን ሰማሁ። እህትህ ቆማ ነው የምትበላው አለችህ። ክፉ ያናገረኝ ሕመሙ ነው፣ ፊት ለፊት ልንገራት ብል ታለቅስብኛለች፣ መርቃሻለች ብለህ አንተ ንገራት አለችህ። ከዚያ በሩ ሲከፈት ዝም አለች። የገባሁት እኔ ነበርኩ።

አጥፊው ያልከኝ ይህንን ነው።

ቅጂውን በፍላሽ አድርጌ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሃለሁ። ሳታለቅስ ስማው አልልህም። ንገራት ያለችህን ግን ሰምታዋለች ብለህ እንዳትተወው፤ በእጅህ ጻፍልኝ። ፊደል የቆጠርኩት በስተርጅና ቢሆንም ማንበብ አያቅተኝም።

ለባለቤትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ። ትልቋን ልጅህን ግንባሯን፣ ትንሹን ሁለቱንም ጉንጮቹን ሳምልኝ። የአያታቸውን ድምፅ ስታሰማቸው አጠገባቸው ቁጭ በል።

እህትህ
ከእናታችን ክፍል
ኅዳር 9 ቀን