ገና ነው

ታኅሣሥ 28፣ እሑድ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት
አራተኛ ወረቀት ቀደድኩ፣ ደብተሬ። ነገ ከሰዓት በሰንበት ት/ቤት የማነበው ጽሑፍ አልያዝ አለኝ። ርዕሱን የመረጥኩት ራሴ፦ «ልደትን በየቀኑ መኖር»። ምነው አፌን በቆረጠው! ሽንኩርቱ አልተከተፈ፣ ቤቱ አልተጠረገ። ደግነቱ አከራዬ እትዬ ዘሀራ ለቅሶ ሄደዋል። ግቢው ጭር ብሏል። ዛሬ ካልጻፍኩ መቼም አልጽፍ።

9፡30
መጣልኝ! «ጌታ ማደሪያ ያጣው ያኔ ብቻ አይደለም፤ ዛሬም ደጃችን ቆሟል» ብዬ ጀመርኩ። ደስ አይልም? ቀለሙ ሳይደርቅ የውጭ በር ተንኳኳ። አንዲት የገጠር ሴት፣ ጋቢ ተከናንባ፣ በሩን ተደግፋ። በኦሮምኛ ታወራለች። ሦስት ዓመት ከሚሴ አስተምሬ የማውቀው ሰላምታና «ነ ገርጋሪ»ን ብቻ። እርጂኝ ማለት ነው፤ ለማኝ ሁሉ ይለዋል። ሌላም ቃል ደጋገመች፣ ጪኒንሱ ምናምን። ሐሳቤ ሊጠፋብኝ! እግዜር ይስጥሽ ብዬ ዘጋሁት።
አሁን ከመንገዱ የሴቶች ድምፅ ይሰማል። ማርያም! ማርያም! ይላሉ። ዋዜማ እንዲህ ያምራል። ጽሑፌ ውስጥ አስገባዋለሁ።

12 ሰዓት
እትዬ ዘሀራ ገቡ፤ ቀሚሳቸው ደም በደም። አጥራችን ጥግ አንዲት ሴት ወለደች አሉ። ባሏ ባጃጅ ፍለጋ ሲሮጥ ምጡ አጣደፋት። ከለቅሶ የሚመለሱ ሴቶች ነጠላ ጋርደው አዋለዷት። ማርያም ማርያም ሲሉ የነበሩት እነሱ ናቸው። የእስላም ሴቶች! እዚህ አገር ምጥ ላይ ማርያምን የማይጠራ የለም፣ አታውቂም እንዴ አሉኝ። ሕፃኗ ደህና ናት። የእናትየዋ ደም ግን አልቆም ብሎ ከጤና ጣቢያው ወደ ደሴ ሪፈር ተጻፈላት።
ጪኒንሱ ምንድን ነው አልኳቸው፣ እንደ ዘበት። ምጥ ነው አሉ። ከየት ሰማሽው? ከተማሪዎቼ አልኩ።
ዋሸሁ።

ታኅሣሥ 29፣ የልደት ዕለት
አነበብኩት። አዎ፣ አነበብኩት! «ደጃችን ቆሟል» የሚለው ላይ ስደርስ ድምፄ ተቆራረጠ። መንፈስ የነካኝ መስሏቸው እልል አሉ። አንዲት እናት ግንባሬን ሳሙኝ። ያን ጊዜ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ምን ነበረበት! ዶሮ ወጡን አልቀመስኩትም።

ጥር 1
ከደሴ ወሬ የለም። ብትሞትስ? ተማሪ ፊት ቆሜ ሰሌዳው ላይ የምጽፈው ጠፋኝ። እትዬ ዘሀራ ያን ቀን ቤት ማን ነበር ይሉኛል ብዬ ስሸሻቸው ሰነበትኩ። አይጠይቁኝም።

ጥር 3
ተረፈች! ፋጡማ ትባላለች። ቀዬዋ የግማሽ ቀን ዳገት ስለሆነ እስክትጠና እትዬ ዘሀራ ቤት ትቆያለች። ከግድግዳዬ ወዲያ! ሥጋ እንዳልወስድላት የክርስቲያን እርድ ነው። አጥሚት አፍልቼ ገባሁ። አየችኝ። ተቀበለች፣ ጠጣች፣ ኩባያውን መለሰችልኝ። አላወቀችኝም። ተመስገን።
ተመስገን ብዬ ጻፍኩ? ወይ እኔ!

ጥር 8፣ ጧት
ጉድ ነው፣ ደብተሬ። እንዴት ልጻፈው።
በየቀኑ አጥሚት፣ በየቀኑ ምስጋና። ከዚህ በላይ አልቻልኩም። ዛሬ ገብቼ ተንበረከክሁ። በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ አልኩ። እትዬ ዘሀራ ሕፃኗን እያጠቡ ነበር፤ ቀና እንኳ አላሉም። እናውቃለን አሉ። ፋጡማ የመጣች ዕለት ነግራቸዋለች። እስቲ ራሷ ትናገር እንደሆን እንይ ተባብለዋል። አምስት ቀን ሙሉ! እኔ ጻድቅ መስዬ ስመላለስ እነሱ እያወቁ አላህ ይስጥልን ይሉኝ ነበር።
የፋጡማን እግር ያዝኩ። አውፍ በይኝ አልኳት፣ በአገሬው ወግ ይቅር በይኝ ማለት ነው። ዓይን ዓይኔን እያየች በአማርኛ አንዲት ቃል መለሰች።
«ገና።»
በሷ አፍ «ና»ው ይጠብቃል። ልክ እንደ በዓሉ ስም። ክው አልኩ። የሰንበት ት/ቤቱን ጽሑፍ ማን ነገራት? እትዬ ዘሀራ ፈቱልኝ። ገና ነው ማለቷ ነው፤ ልቧ አልሻረም፣ አትቸኩይ አሉኝ።

ጥር 9
ዛሬም አውፍ በይኝ አልኳት። ገና አለች። ቁጣ የለባትም። ሕፃኗን አስታቀፈችኝና ተኛች። ቀሚሴ ረጠበ። ምን አባቱ፣ ይርጠብ!

ጥር 10
ገና።
እሑድ ወደ ቀዬዋ ልትሄድ ነው፣ ደብተሬ። አሁን ሰማሁ። አውፍ ሳትለኝ ብትሄድስ? ባሏ ስንቁን ይሸከማል፤ ሕፃኗን የሚያዝልላት የለም። እኔ አዝላለሁ ብዬ ለእትዬ ዘሀራ ነገርኳቸው። ዳገቱን አትችይውም ብለው ሳቁብኝ። እውነታቸውን ነው፣ አልችለውም ይሆናል። እዚያም ደርሼ ገና ካለችኝ በሳምንቱ ቅዳሜ እንደገና እወጣለሁ። መቼ እንደምትለኝ አላውቅም። ላትለኝም ትችላለች።
እሄዳለሁ።