ቁም ሳጥን ውስጥ ስለ ታሰሩት ጥንድ ጫማዎች

ለሩቤንጌ ከተማ ምክር ቤት የመንገድ ደህንነት ሹም
ለክቡር ሰቨሪኖ ባሪጌ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ ለራስዎ፣ ለባለቤትዎና ለልጆችዎ ጤና፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ለሁለቱም እግሮችዎ ደህንነት እጸልያለሁ። ስለ እግር መጸለይ በእኛ ሰፈር የቆየ ልማድ አልነበረም፤ ክቡርነትዎ ወደዚህ ሹመት ከመጡ ወዲህ ግን ሁላችንም ጀምረነዋል።

እኔ ጄኔሮሳ ከምባባዚ እባላለሁ። በካንያንጋ ቁልቁለት አናት ላይ፣ ሰው የሚያመላልሱት የቦዳ ሞተሮች ተራ ከሚጠብቁበት ዛፍ ሥር፣ ከአባቴ በወረስኩት ወስፌ ጫማ ስሰፋ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ነጂዎቹ እትዬ ይሉኛል፤ ሲጣሉ እዳኛቸዋለሁ፤ ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት ደግሞ የዓርብን ገበያ ተራ የሚያወጡበትን ቁጥር የተጻፈበት ቆርኪ የምይዘው እኔ ነኝ። ከነጂዎቹ አንዱ ዴውስ የተባለው ወንድሜ ነው። እናታችን ስትሞት የአራት ዓመት ልጅ ነበር፤ ያሳደግኩት እኔ ነኝ፤ ከእርሱ ሌላ የሥጋ ዘመድ የለኝም። ይህን የምነግርዎ እንዲያዝኑልኝ ሳይሆን፣ ይህ ደብዳቤ የተጻፈው ስለ ማን እግር እንደሆነ ከመጀመሪያው እንዲያውቁት ብዬ ነው። በተራ ቁጥር የጻፍኩትም ቁጥር የሌለው አቤቱታ ጠረጴዛዎ ላይ እንደማይደርስ ጸሐፊዎ ስለመከረችኝ ነው።

1. ከሁሉ በፊት ምስጋናዬ ይድረስዎ። ከሦስት ወር በፊት “ሞተር የሚነዳ ሁሉ ሽፍን ጫማ ያድርግ” ብለው ሲያውጁ ከከተማው ሰው ሁሉ አብልጬ የተደሰትኩት እኔ ነበርኩ፤ በሸበጥ ሞተር የሚነዳ ሰው እግሩን ቤቱ ትቶት ቢወጣ ይሻለዋል እያልኩ ስጮህ ጸጉሬ ሸብቷልና። ደስታዬ ሳይበርድ ግን ምክር ቤቱ ማህተም የታተመባቸው አርባ ጥንድ ቡት ጫማዎች አመጣ። ነጂዎቹ ሰማንያ ናቸው። ጫማዎቹ ሁሉ ቁጥር 44 ናቸው። ክቡርነትዎ ይህ ለምን ሆነ ተብለው ሲጠየቁ “ትልቅ ጫማ ትንሽ እግር ይይዛል፤ ትንሽ ጫማ ግን ትልቅ እግር አይይዝም” ብለው የሰጡት መልስ እስከ ዛሬ ተራው ላይ ሲደጋገም ይውላል። ለሁለት ሰው አንድ ጥንድ ሰጥታችሁ “በፈረቃ አድርጉ” ካላችሁ በኋላም፣ ማህተም የሌለውን ሽፍን ጫማ ሁሉ በጆንያ ሰብስባችሁ ወሰዳችሁ። ሸበጡን ግን ተዋችሁት፤ ሸበጥ የሞተር ጫማ ስላልሆነ መመሪያው አይመለከተውም ተባለ። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ በዕድሜዬ አላየሁም።

2. ተቆጣጣሪዎን አቶ ካሄሩን ስለመደቡልንም እጅ እነሣለሁ። አቶ ካሄሩ በቁልቁለቱ አናት፣ በሚወርዱት ሞተሮች በስተግራ፣ ሰማያዊ ጥላቸውን ዘርግተው ጠዋት ከተቀመጡ ማታ ነው የሚነሡት። ፈረቃ የሚባል ነገር አያውቁም፤ ቡት ያላደረገውን ሁሉ ሞተሩን ወደ ምክር ቤቱ ግቢ አስነድተው ለሳምንት ያቆሙበታል። ከወንበራቸው ስለማይነሡ ግን የሚያዩት ወደ እርሳቸው ያለውን እግር ብቻ ነው። የእኛ ልጆች ደግሞ ሞኞች አይደሉም፣ ወይም በጣም ሞኞች ናቸው፤ የትኛው እንደሆነ እርስዎ ይፍረዱ። አንዱን ጥንድ ለሁለት ተካፈሉት፤ አንዱ የግራውን ወሰደ፣ ሌላው የቀኙን። ሲወርዱ ያችኑ አንዷን ቡት በግራ እግራቸው ያጠልቃሉ፤ ግርጌው ላይ ቆመው ሲመለሱ ወደ ተቆጣጣሪው ወደሚዞረው ቀኝ እግራቸው ያዛውሯትና ሽቅብ ይመጣሉ፤ አቶ ካሄሩም በሁለቱም በኩል ቡት አይተው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ለወንድሜ ለዴውስ የደረሰው የቀኙ ነው። የቀኝ ጫማ በግራ እግሩ አድርጎ፣ ቁጥሩ አራት ስለሚበልጠውም የደረቀ የሙዝ ቅጠል ጠቅጥቆበት ይወርዳል። ቀኝ እግሩ ላይ ሸበጥ ነው።

“አንተ ልጅ፣ ፍሬኑ ያለው በየትኛው እግርህ ነው?” ብዬ ጠየቅሁት አንድ ቀን።

“በቀኙ ነዋ እትዬ።”

“ታዲያ የሸፈንከው የትኛውን ነው?”

“ካሄሩ የሚያየውን” አለኝና ሞተሩን አስነሥቶ ሄደ። ክቡር ሆይ፣ ከመመሪያዎ ውስጥ በከተማችን በትክክል የተያዘው ይህ ብቻ ይመስለኛል።

3. የራሳችንን ጥፋት ደብቄ የእርስዎን ብቻ ብዘረዝር ግፍ ይሆናል። እኛ የካንያንጋ ሰዎች ቁልቁለቱን ስንወርድ ሞተር እናጠፋለን። ማርሹን አውጥተን ፎሌ አድርገን፣ ነዳጁን ለአቀበቱ አትርፈን፣ ድምፅ ሳናሰማ ነው የምንንሸራተተው፤ አባቶቻችን በእንጨት ብስክሌት እንዲያ ይወርዱ ነበርና ማንም ነውር አይለውም። ሞተሩ ከጠፋ ግን ማርሽ አይይዝልዎትም። የፊቱን ፍሬን በእርጥብ ቀይ አፈር ላይ የጨበጠ ሰው በራሱ ላይ ይገለበጣል። ስለዚህ ከአናት እስከ ግርጌ አንድ ሰው፣ አንድ ተሳፋሪና ሁለት ጆንያ ድንች የሚያቆማቸው የነጂው ቀኝ እግር ብቻ ነው። ሸበጥ ያደረገው ማለቴ ነው። ይህን ሃምሳ ጊዜ ተቆጥቻለሁ፤ አልሰሙኝም፤ እርስዎንም እንደማይሰሙዎት ስለማውቅ ቢያንስ ያንን እግር እንድናለብሰው እለምንዎታለሁ።

4. ስለ ኢናሲዮ ጉዳት ጽሕፈት ቤትዎ ያወጣውን ዘገባ አንብቤአለሁ፤ ሦስት ጊዜ ነው ያነበብኩት። ኢናሲዮ የዴውስ የጫማ ተጋሪ ነው፤ ለእርሱ የደረሰው የግራው ቡት ነበር። የዛሬ ሦስት ሳምንት የመጀመሪያው ዝናብ እንደ ጣለ ሲወርድ ሸበጡ በጭቃ ሙልጭ አለና እግሩ ከፍሬኑ ላይ አምልጦ በመርገጫውና በመንገዱ መካከል ገባ። ሦስት ጣቶቹን አጣ። ሮጠን ስንደርስ አልጮኸም፤ “እትዬ፣ ሸበጤን አይተሻታል?” ነበር ያለኝ። እኔ ያየሁትን አልነገርኩትም። ዘገባዎ ግን እንዲህ ይላል፦ “ነጂው የምክር ቤቱን ጫማ አድርጎ ነበር። ጫማው የነበረበት እግር ምንም ጉዳት አልደረሰበትም። በዚህም የጫማው ጠቃሚነት ተረጋግጧል።” ዘገባው በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ በመስታወት ተሸፍኖ ተሰቅሏል፤ ያ የግራ ቡትም ማስረጃ ነው ተብሎ ታጥቦና ተወልውሎ በእርስዎ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ስለዚህ ኢናሲዮ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ እንኳ ዴውስ ሙሉ ጥንድ ሊያገኝ አልቻለም። እርሳስ ማስቀመጫ አድርገውታል የሚሉ አሉ፤ እኔ አላመንኩም።

5. አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ። ከዚያ ቀን በኋላ እንቅልፍ አልወስድ ስላለኝ ለዴውስ በእግሩ ልክ አንድ ጥንድ ሠራሁለት። የጫማ ሰፊ ጉራ አይሁንብኝና ልዘርዝርልዎ። ከቁርጭምጭሚቱ አንድ ጣት ከፍ ይላል፤ በቀኝ በኩል ያለው የጋለ የጭስ ማውጫ፣ ማርሚታው፣ ሥጋ እንዳያገኝ። ሶሉ ከመኪና ጎማ ነው፤ ውሃ ላይ ይነክሳል፤ እግሩ ግን ፔዳሉ እንዲሰማው ቀጭን አድርጌዋለሁ። መርገጫው ላይ የሚይዝ አጭር ተረከዝ አለው። የግራው አፍንጫ ላይ፣ ማርሽ በሚያነሣበት ቦታ፣ ድርብ ቆዳ አለ። ክር የለውም፤ የተንጠለጠለ ክር ፔዳልና የሞተር ሰንሰለት ሲፈልግ ይኖራልና በክር ፋንታ በውጪ በኩል የሚቆለፍ ዘለበት አደረግሁበት። አጥልቆት ሦስት ጊዜ ሲዘል እያየሁ አለቀስኩ፤ ያልተበላ እግር አይቼ ደስ ብሎኝ ነው።

ሰኞ ጠዋት አቶ ካሄሩ አስቆሙት። “ማህተሙ የታለ?” አሉት። “አንተ ጎበዝ፣ ይሄ ጫማ ከየት መጣ?” አሉት። እህቴ ሠርታልኝ ነው ቢላቸው “እህትህ ምክር ቤት ናት?” አሉና በአደባባይ አስወልቀው ወሰዱት። ጫማው ዛሬ ቢሮዎ ባለው ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል፤ ቁልፉም ከራስዎ ኪስ እንደማይወጣ ተነግሮኛል። ማክሰኞ ልለምን መጥቼ ነበር። ሁለት ሰዓት አስቆመው ካሰናበቱኝ በኋላ፣ ማህተም የሚፈቅደው ኮሚቴ የሚሰበሰበው ዝናቡ ካባራ በኋላ እንደሆነ በጸሐፊዎ በኩል አስነገሩኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔ ግን ስለ ወረቀቱ ብቻ ነው የምናገረው። ሌላ ጥንድ ለምን አልሠራም ይሉኝ ይሆናል፤ ቆዳው ተዘፍዝፎ እስኪደርቅ በዚህ ሰማይ ሁለት ሳምንት ይፈጃል።

ሁለት ሳምንት የለኝም። ሌሊቱን ሁሉ እየዘነበ ነው፤ ከሦስተኛው ኩርባ በታች መንገዱ ተሸርሽሮ ገደሉ ወደ ውስጥ ገብቷል። ትናንት አንድ አህያ እዚያ ቦታ አልሄድም ብላ ቆማ ባለቤቷ ጭነቷን አራግፎ ይዟት ተመለሰ። እፈራለሁ ክቡር ሆይ። ዴውስ ከቁልቁለቱ እስኪመለስ ወስፌውን እንደ ያዝኩ አንድም ስፌት ሳልሰፋ እቀመጣለሁ፤ የሞተሩን ድምፅ አቀበቱ ላይ ስሰማ ነው የምተነፍሰው። ሲወርድ ድምፅ የለውምና ወርዶ ይሁን ወድቆ አላውቅም።

የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ ጫማውን ይመልሱልኝ። ማህተሙን ከፈለጉ እኔው ግንባሬ ላይ ልታተም።

ይህን ሁሉ በትዕግሥት አንብበው ከጨረሱልኝ፣ ወይም አስነብበው ከሰሙልኝ፣ ውለታዎን ሳልረሳ፣ ረጅም ዕድሜ ከሙሉ አሥር ጣቶች ጋር እየተመኘሁልዎ፣ ከዛፉ ሥር ከዝቅተኛ ወንበሬ ላይ ሆኜ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እሰናበትዎታለሁ።

የክቡርነትዎ ታዛዥ
ጄኔሮሳ ከምባባዚ
ጫማ ሰፊ

ግልባጭ፦ ለገበያው ማስታወቂያ ሰሌዳ፤ ሆስፒታል ለተኛው ለኢናሲዮ፤ ለአቶ ካሄሩ (በግራ በኩል ይሰጣቸው)።

በኋላ የተጨመረ፦ ደብዳቤውን ፈርሜ ሳጥፍ ጸሐፊዎ ወደ ተራችን መጣች። የመሥሪያ ቤቱ መኪና ስለተበላሸ፣ ክቡርነትዎ ነገ ዓርብ ከቁልቁለቱ ግርጌ ባለው አዳራሽ ስለ መንገድ ደህንነት ወደሚያደርጉት ንግግር የሚያወርድዎ ሞተር ጠዋት በሁለት ሰዓት ደጅዎ እንዲቆም አዘዘች። እንደሚያውቁት በእኛ ዘንድ የመጀመሪያው ተሳፋሪ የመጀመሪያው ቆርኪ የወጣለት ነጂ ነው፤ ተራ አይሸጥም፣ አይለወጥም፤ ሹም ሲያዘው እንቢ ያለ ደግሞ ሞተሩ የት እንደሚቆም እርስዎ ያውቃሉ። ዛሬ ከሰዓት በእጄ ከያዝኩት ቆርኪ አንድ ቁጥር የወጣው ለዴውስ ነው። ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ ይባላል፤ ነገ ይታዘላሉ። ከኋላው ሲቀመጡ ያን የሚወዱትን አፍንጫው ሹል፣ ሶሉ ልሙጥ ጫማ ከማርሚታው ያርቁ፤ ሞተሩ ሲጠፋም አይደንግጡ፣ ልማዳችን ነው። ከሦስተኛው ኩርባ በፊት ጎንበስ ብለው የወንድሜን ቀኝ እግር ይመልከቱልኝ። ቁልፉ በዚያን ጊዜም ኪስዎ ውስጥ ይሆናል፤ ቁም ሳጥኑ ግን ከላይ ቀርቷል።