የሾፌሩ መቀመጫ ብቻ

ረቡዕ ጠዋት፣ ኅዳር 18

ይድረስ ለልጄ ለብሎኔ፤

እንደምነሽ? ሥራው፣ አየሩ፣ ያ ከላይሽ ሆኖ ከበሮ የሚደልቀው ጎረቤትሽ እንዴት ይዘውሻል? እኛ ደህና ነን። እናትሽ ጉልበቷም ደህና፣ ምላሷም ደህና። የእኔ ወገብ እንደምታውቂው ነው፤ ጠዋት ይቆጣል፣ ከሰዓት በኋላ ይታረቃል። ከዓመት ከአራት ወር ወዲህ በቀጥታ ላንቺ የማደርሰው የመጀመሪያ ቃል ይሄ ስለሆነ፣ ጽሕፈቴ ቢንጋደድ በእርጅና አታመካኚብኝ።

በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ። ስልኬ ላይ አንድ መልእክት ተቀምጧል። «የቀድሞዋ ባለቤት ተስማምተዋል። ዝውውሩን ለማጠናቀቅ እስከ እሑድ ድረስ ‹ተቀበል› የሚለውን ይጫኑ። ይህን ሲያደርጉ የቀድሞዋ ባለቤት ስልክ ከመኪናው ጋር ያለው ግንኙነት ሙሉ በሙሉ ይቋረጣል» ይላል። የቀድሞዋ ባለቤት የተባልሽው አንቺ ነሽ። ስምሽን ከመኪናዋ ላይ እንድታነሺ በእናትሽ በኩል ያስነገርኩሽም እኔ ነኝ። አንቺም አንዲት ቃል ሳትተነፍሺ፣ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ተስማማሽ። እኔ ግን እስካሁን አልተጫንኩትም። ለምን እንዳልተጫንኩት ላስረዳሽ ነው የምጽፈው። በስልክ መጮኽ እንጂ መናገር እንደማልችልበት ታውቂያለሽ።

አንቺ የላክሻት የኤሌክትሪክ መኪና የመጣች ዕለት ካርዱ ላይ «ለእማዬ» ብቻ ነበር የተጻፈው። እኔ ምን ቆርጦኝ እዚያ ውስጥ እገባለሁ አልኩ። ወዲያው ደግሞ እናትሽ መንዳት እንደማትችል ትዝ አለኝ። እንግዲህ ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ፣ እናትሽን ትምህርት ቤቷ የማደርሳት እኔ ሆንኩ። ሠላሳ አራት ዓመት ሞተር በጆሮው ሲያክም የኖረ ሰውዬ ድምፅ የሌላት መኪና ላይ ተቀመጠ። ኮፈኗን ስከፍት የማውቀው አንድ ነገር አጣሁ፤ የመስታወት መጥረጊያውን ውሃ ብቻ ለየሁት። የመጀመሪያ ሰሞን «ተነሥታለች?» እያልኩ እናትሽን እጠይቃት ነበር። «በሩን ዝጋና እናያለን» ትለኛለች።

ስልኬ ላይ ስለተጫነው የመኪናዋ አፕ ግን ዝም ብዬ አላልፍም። አፑ ባትሪው ሞልቷል ሲል መኪናዋ ስልሳ አንድ በመቶ ነኝ ትላለች። ስልኩን ዳሽቦርዱ ላይ አስደግፌ ሁለቱን ባፋጥጣቸው «እባክዎ ቆይተው ይሞክሩ» አለኝ። የይለፍ ቃሉን ስረሳ ማረጋገጫ ኮዱ የሚላከው ላንቺ ነው። አንቺ ለእናትሽ፣ እናትሽ ለእኔ፤ እኔ ዘንድ ሲደርስ ጊዜው አልፎበታል። አንድ ቀን ደግሞ፣ የእናትሽ ተማሪዎች ፈተና በሚቀመጡበት ዕለት፣ መኪናዋ ፕሮግራሟ እየታደሰ ስለሆነ ለአርባ ደቂቃ እንዳትነዳ የሚል ጽሑፍ አውጥታ ደጃፍ ላይ ተገተረች። መኪና ታሞ አልነሣ ሲል ስንቱን አይቻለሁ። ጤነኛ ሆኖ አልሄድም ሲል ያየሁት ግን ያን ቀን ነው። እናትሽ ታክሲ ጠርታ ሄደች። በመስኮት ብቅ ብላም «መካኒክ ካገኘህ ሰላም በልልኝ» አለችኝ።

ይሄን ሁሉ ችዬ ነበር። ጥቅምት ላይ ብርዱ ሲገባ ግን ሌላ ጉድ መጣ። ጠዋት ስገባ የሾፌሩ መቀመጫ ሞቆ ይጠብቀኛል። የእናትሽ ደግሞ በረዶ ነው። ማብሪያውን ማንም አልነካው። ሁለቱም ወንበሮች አንድ ዓይነት ማሞቂያ እንዳላቸው መመሪያው ላይ አንብቤያለሁ። ታዲያ አንዱ ብቻውን በራሱ ከሞቀ መካኒክ ምን ያስባል? ሾርት ነው። የተላጠ ሽቦ ወንበር ሥር ይነካካል። ዛሬ ሙቀት ነው፣ ነገ እሳት ነው፤ አጠገቡ የምትቀመጠው ደግሞ እናትሽ ናት። ፍርሃት ለቀቀብኝ።

ሻጮቹ ጋ ሄድኩ። ወለሉ መስታወት ነው፤ ጫማዬን በር ላይ ሁለቴ ጠርጌ ገባሁ። ቁጥር ወስጄ አንድ ሰዓት ተኩል ከጠበቅኩ በኋላ እንግዳ ተቀባይዋ ጠራችኝ።

«ባለቤቱ እርስዎ ነዎት?»

«ልጄ ናት።»

«እንግዲያው እሷ በአፑ በኩል ጥያቄ ታቅርብ።»

«እሷ ባሕር ማዶ ናት። የሚሞቀው የእኔ መቀመጫ ነው።»

«ይገባኛል አባት። ሲስተሙ የሚያውቀው ግን ባለቤቷን ነው። አፑን አጥፍተው አብርተውታል?»

«የሚሞቀው አፑ አይደለም፣ እኔ ነኝ!» አልኳት። ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

ከዚያ ወዲህ «ውድ ደንበኛችን፣ ጥያቄዎ ደርሶናል» የሚል መልእክት ሰባት ጊዜ ደረሰኝ። ደረሰን ይላሉ እንጂ የሚመጣ ሰው የለም። እልህ ያዘኝ። ኅዳር 7፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ግቢ ውስጥ ወንበሩን ፈታሁት። አራት ብሎን ነው። ሶኬቱን ነቀልኩ፣ ሽቦውን አንድ በአንድ በቴስተር ለካሁ። የተላጠ የለ፣ የተነካካ የለ። መልሼ ሳስረው ግን ዳሽቦርዱ ላይ የኤርባጉ መብራት ቀልቶ በራ፤ ብለምነው ብረግመው አልጠፋ አለ። ሰኞ ጠዋት ስገባ ደግሞ ወንበሩ ምንም እንዳልተደረገ ሆኖ ሞቆ ጠበቀኝ።

በዚያው ሰኞ ተመልሼ ሄድኩ። «ወንበሩን ማን ፈታው?» አሉኝ። «እኔ እንጃ» አልኩ። በዚህ ዕድሜዬ ዋሸሁ። ጎንበስ ብለው ሲያዩ ከወንበሩ ሥር የእኔን ዐሥራ ሦስት ቁጥር የብሎን መፍቻ አገኙት። እጄ ላይ አስቀምጠውልኝ፣ መብራቱን ለማጥፋትም የባለቤቷ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ለሚቀጥለው ሰኞ ቀጠሮ ይዘንልዎታል ብለው ሸኙኝ።

ደሜ ፈልቶ ቤት ገባሁ። እናትሽን «ስሟን ከዚህ ጉድ ላይ ታንሣልኝና በስሜ ይሁን በያት!» ያልኳት ያን ጊዜ ነው። እኔ የማወራው ስለ ሻጮቹ ነበር። አንቺ ግን ስምሽን ማየት የጠላሁ መስሎሽ እንደሚሆን አሁን ይገባኛል። በማግስቱ መቀመጫው ቀዘቀዘ። እኔ ሞኙም «ተመስገን፣ በራሱ ተሻለው» አልኩ።

ከትናንት ወዲያ ለቀጠሮው ሄድኩ። የተቀበለችኝ ጸጉሯን በእርሳስ ጠቅልላ የያዘች፣ ላፕቶፕ የታቀፈች ቴክኒሻን ናት። ስለ አፑ አንድም ቃል አልጠየቀችኝም። «ምን እያደረገች አስቸገረችዎት?» አለችኝ፤ ልክ እኔ ደንበኞቼን እንደምጠይቀው። ሁሉንም ነገርኳት፤ ወንበሩን መፍታቴንም ሳልደብቅ። ዝውውሩ ስለተጀመረ ሲስተሙም በመጨረሻ አውቆኛል መሰለኝ ገመዷን ሰክታ ማንበብ ጀመረች። መብራቱን በሁለት ደቂቃ አጠፋችው። ከዚያ ወደ ታች ወደ ታች እያነበበች ቆየችና ፈገግ አለች።

«አባት፣ ብልሽት የለም» አለችኝ። «ከጥቅምት 4 ጀምሮ በየሥራ ቀኑ፣ ጠዋት ዐሥራ ሁለት ከአርባ ላይ፣ የሾፌሩ መቀመጫ ከባለቤቷ ስልክ ይበራል። ለሃያ ደቂቃ። ካለፈው ማክሰኞ ወዲህ ቆሟል።»

«የጎኑስ መቀመጫ?»

«አንድም ቀን አልተነካ። የሾፌሩ ብቻ ነው።»

ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። እሷ ማንበቧን ቀጥላለች። «መሐል ላይ ሁለት ቀን ይጎድላል። ጥቅምት 20 እና 21።»

እነዚያን ሁለት ቀናት ከእናትሽ ጋር ቆጠርናቸው። ትኩሳት ጥሎሽ ሥራ ያልገባሽባቸው ቀናት ናቸው። እኔ ያኔም ወንበሩ ቀዝቅዞ ሳገኘው ደስ ብሎኝ እንደነበር አስታውሳለሁ። ልጄ ታማ ተኝታ እኔ ሾርቱ ለቀቀ ብዬ ፈነደቅኩ። ይሄ አንጀቴን በላው።

እኛ ዘንድ ዐሥራ ሁለት ከአርባ ሲሆን አንቺ ዘንድ የምሳ እረፍት መሆኑን የነገረችኝም እናትሽ ናት። ወገቤ ጠዋት ጠዋት እንደሚይዘኝ የነገረችሽም እሷው። ሁሉን እያወቀች ነው ለካ ወንበሩን ስፈታ በር ላይ ቆማ ያየችኝ! «ለምን አልነገርሽኝም?» ብላት «እንዳትነግሪው ብላ አስምላኛለች። ደግሞ ወንበር ስትፈታ ደስ ብሎህ ነበር» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ትንሽ ደስ ብሎኝ ነበር።

ቴክኒሻኗ ታዲያ ደግነት ያደረገችልኝ መስሏት «ዝውውሩን አሁኑኑ ልጨርስልዎት? አንድ መጫን ነው» ብላ ስልኬን አነሣችው። ነጠቅኳት። ደንግጣ «ምነው አባት?» ስትለኝ «ይቆይ» አልኳት። አልዋሽሽም፣ እዚያ መስታወት ወለል ላይ ቆሜ እንባዬ መጣ። ሴትየዋ ፊቷን አዙራ፣ የተጠቀለለውን ገመድ ፈትታ እንደገና መጠቅለል ጀመረች። ጨዋ ሰው ናት።

ብሎኔ፣ ያን ቀን ጋራዡ ውስጥ ያልኩሽን አልረሳሁትም። አንቺም እንደማትረሺው አውቃለሁ። የኤሌክትሪክ መኪና ሥራ እንጀምር ብለሽ ያን ሁሉ ወረቀት ዘርግተሽ ስታስረጂኝ፣ በስምንት ሠራተኞች ፊት «ሂጂና አሻንጉሊትሽን ጠግኚ» አልኩሽ። ቱታሽን አጥፈሽ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሽና ወጣሽ። ከሦስት ዓመትሽ ጀምሮ መኪና ሥር ካልፈለግንሽ የማትገኚ ልጅ ነበርሽ፤ ብሎን ያልኩሽም ለዚያ ነው። እኔ ያስተማርኩሽ ልጅ እኔ የማላውቀውን ስታውቂ ፈራሁ። ነገ የማልረባ ሽማግሌ ልሆን ነው ብዬ ፈራሁና ፍርሃቴን ስድብ አድርጌ አንቺ ላይ ወረወርኩት። አጥፍቻለሁ፣ ልጄ። ይቅር በይኝ።

ለአንቺ ብቻ ብዬው እንዳይቀር፣ ትናንት ጠዋት ሥራ ሳይጀመር ሠራተኞቹን ሰብስቤ በእነሱ ፊት ያልኩትን በእነሱ ፊት መልሼ ወሰድኩት። ከመካከላቸው በያጁ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ «ጋሼ፣ ይችን ለመናገር ዓመት ከአራት ወር ፈጀብዎት?» አለኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን በመዶሻ አባርረው ነበር። «ፈጀብኝ» አልኩትና ወደ ሥራዬ ገባሁ።

ይህን ደብዳቤ የእናትሽ የሥራ ባልደረባ ወንድም ነው የሚያመጣልሽ፤ ዓርብ ይነሣል። እጅሽ ሲገባ እሑድ አልፏል፣ የስልኬ መልእክትም ጊዜው አብቅቷል። አልጫነውም። መኪናዋ በስምሽ ትኑር። ሻጮቹም ባለቤቷ የት አለች እያሉ ያንገላቱኝ፤ ባለቤቷ ልጄ ናት እያልኩ ተራ እጠብቃለሁ። ማሞቂያውን አብሪ አታብሪ አልልሽም፤ የምሳ እረፍትሽን ብዪበት።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። የይለፍ ቃሉ እንደሆነ መልሶ ይጠፋኛል፤ ይሄን ለማወቅ ነቢይ መሆን አያሻም። ኮዱ ሲመጣልሽ ከእንግዲህ በእናትሽ በኩል አትላኪው። ለእኔ ደውይና በአፍሽ ንገሪኝ። አልጮኽም። ስድስት ቁጥር ነው፤ ቀስ ብለሽ ጥሪልኝ።

ያለሽበትን ቤት ፈጣሪ ይሙላልሽ። እጅሽን ከክፉ፣ ዓይንሽን ከእንባ ይጠብቅልኝ። የሚመጣው ሰው ሁሉ የሚወድሽ ይሁን።

አባትሽ

ከእናትሽ፦ አንብቢና አርሚልኝ ብሎ ሰጥቶኝ ነው። አንድም ፊደል አልነካሁበትም። እሱ ያልጻፈውን ግን እኔ ልጨምር። ወንበሩ ከቀዘቀዘ ወዲህ ጠዋት ጠዋት በመስኮት አየዋለሁ። በሩን ይከፍትና፣ ከመግባቱ በፊት መቀመጫውን በመዳፉ ይዳስሳል። ትንሽ ያቆየዋል። ከዚያ ማንም እንዳላየው ዙሪያውን ቃኝቶ ይገባል። ዛሬም እንዲሁ አደረገ።