የሁለት ወንድሞቼ ግንቦት

ሐሙስ፣ ግንቦት 10

ዛሬ የገዛ ወንድሜን ጭንቅላት ሰፋሁ። ሰባት ስፌት።

ክሊኒኩን ልንዘጋ ስንል ሁለት ሰዎች ደግፈው አመጡት። ፊቱ ደም በደም ስለነበር አላወቅሁትም። "እታለም" ሲለኝ ነው ሙሉቀን መሆኑ የገባኝ።

ያየሁትን ልጻፍ። ጭንቅላቱ ላይ የጠርሙስ ቁርጥ። የላይኛው ከንፈሩ ተሰንጥቋል። ሁለት የጎን አጥንት ሳይሰበር አይቀርም። የቀኝ እጁ ጣቶች ተረግጠው አብጠዋል። ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ ማትሪክ የሚፈተነው በዚህ እጅ ነው።

"ማን ነው?" አልኩት።

"ወደቅኩ።"

ስድስት ዓመት ሙሉ የሰው ቁስል ሳጥብ ኖሬ የወደቀና የተረገጠ አልለይም?

ውጭ ጭፈራ ነበር። ጦራችን ባረንቱን ያዘ ተብሎ በዜና ተነግሯል። ጥይት ይተኩሳሉ፣ እልል ይላሉ። ታላቃችን ይበልጣል እዚያው ግንባር ነው፤ ከየካቲት ወዲህ ደብዳቤ የለም። የአንዱን ወንድሜን ቆዳ እየሰፋሁ ስለ ሌላው እጸልይ ነበር።

ዓርብ፣ ግንቦት 11

እትዬ ዘውዴ መጡ። ከእኛ ሰፈር ዲሽ ያለው እሳቸው ቡና ቤት ብቻ ነው። ሰው ማታ ማታ የጦርነቱን ዜና የሚያየው እዚያ ነው። በሩን ዘግተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነገሩኝ።

ዜናው እስኪደርስ የፈረንጅ ተከታታይ ድራማ ተከፍቶ ነበር። የተማሪዎች ታሪክ። ሁለት ወንድ ልጆች እጅ ለእጅ ተያይዘው በባሕር ዳርቻ ይሄዳሉ። ማንም ምንም አላለም። እጅ ለእጅ ተያይዞ መሄድማ በዚህ ከተማ የማይሄድ ወንድ ማን አለ? በኋላ ግን አንደኛው ልጅ እንግሊዝኛውን ረጋ አድርጎ አንድ ነገር ተናገረ። ጥግ የተቀመጠ አንድ መምህር "እወድሃለሁ ነው ያለው፤ እንደ ሴትና ወንድ" ብሎ ተረጎመ። ከዚያ ልጆቹ ከንፈር ለከንፈር ተሳሳሙ።

ቤቱ ተናወጠ አሉኝ። አንዱ ብርጭቆ ወረወረ። "ዝጉት! ልጆቻችን ደማቸውን እያፈሰሱ እኛ ይህን ልናይ ነው?" ተባለ። እትዬ ዘውዴ ሪሞቱን ሲፈልጉ የእኛው ሙሉቀን ተነሳ። ምን እንዳለ ሁለት ጊዜ አስደገምኳቸው።

"ምን አደረጉ? ሬሳ ሲያሳዩን እናጨበጭባለን። እነዚህ ማንን ገደሉ?"

ከዚያ አንዱ ወደ ሙሉቀንና አጠገቡ ወደ ተቀመጠው ስሜነህ እየጠቆመ ያችን ቃል ጠራት። እዚህ አልጽፋትም። "እነዚህም ሁልጊዜ አንድ ላይ ናቸው" አለ።

ጠርሙሱን ያነሳው ስሜነህ ነው።

ስሜነህ የወፍጮ ቤቱ የአቶ ዓለሙ ልጅ ነው። ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ከእኛ ቤት አይጠፋም። እማዬ ቅቤ የምትቀባቸው ሁለቱን እኩል ነበር። እሱ መታው፣ ሌሎቹ ጨረሱት።

"እግዜር ይይልኝ፣ የቻልኩትን ያህል ጮኼአለሁ" አሉ እትዬ ዘውዴ። አምናቸዋለሁ። ስክሪኑም ተሰብሯል።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 12

ጣሪያው ላይ ድንጋይ። ሦስቴ ቆጠርኩ፣ ከዚያ ተውኩት።

የግቢው በር ላይ ያችን ቃል በከሰል ጽፈዋታል። እማዬ ፊደል ስለማትቆጥር "ምን ይላል?" አለችኝ። "ስድብ ነው" አልኳት። በእንዶድ ፈተገችው። አልለቅ አለ።

ክሊኒኩ አንድ ፖሊስ ለመርፌ መጥቶ ነበር። ክስ ብንመሠርትስ ብዬ ጠየቅኩት። ሱሪውን እየታጠቀ፣ "ለምን ተመታ ሲባል ምን ልትዪ ነው? አፍሽን ብትይዢ ይሻልሻል፤ ልጁ ራሱ ይታሰራል" አለኝ። በክፋት አልነበረም። ያ ነው የባሰ ያስፈራኝ።

አባባ ሰምቷል። አባቴ መሪጌታ ነው፤ ግቢያችን ውስጥ ባሉት ጎጆዎች ቅኔ ያስተምራል። ዛሬ ግማሾቹ ተማሪዎች አኩፋዳቸውን አንጠልጥለው ወደ ደብረ ወርቅ ሄዱ፤ ሌላ መምህር ፍለጋ። ሲሰናበቱት "በሰላም ግቡ" አላቸው። ከሙሉቀን ጋር ግን አንዲት ቃል አልተናገረም። ሙሉቀን በተኛበት ክፍል ሲያልፍ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል።

እሑድ፣ ግንቦት 13

ጠየቅኩት። ፋሻውን እየቀየርኩ፣ ዓይኑን ላለማየት።

"ስሜነህን ትወደዋለህ?"

"አዎ።"

"እንደ ጓደኛ?"

"አይደለም፣ እታለም።"

"እሱ ያውቃል?"

"መጀመሪያ የነገረኝ እሱ ነው" አለኝ።

ፋሻውን ቋጠርኩና ወጣሁ። ጓሮ ሄጄ እጄን በሳሙና ታጠብኩ። አንዴ አይደለም። ቀና ስል መስኮቱ ጋ ቆሞ ያየኛል። ደም ስለነካኝ ነው ልለው ፈለግኩ፤ ፋሻው ላይ ግን ደም አልነበረም። እሱም ያውቃል።

ይህን የምጽፈው ሌላ ለማን እንደምናገረው ስለማላውቅ ነው። አሥራ ስምንት ዓመቱ ነው። ልጅ ሆኖ በጀርባዬ ያዘልኩት እኔ ነኝ። ከመቼ ጀምሮ ብቻውን ይህን ይዞ ኖረ? እኔስ ምን ዓይነት እህት ነኝ?

ሰኞ፣ ግንቦት 14

አራት ሰዎች ዱላ ይዘው መጡ፣ በጠራራ ፀሐይ። ሁለቱን አውቃቸዋለሁ፤ አንደኛውን ባለፈው ዓመት እግሩን አክሜዋለሁ።

"መሪጌታ፣ እርስዎን አክብረን ነው። ልጁን ያውጡልን።"

አባባ መቋሚያውን ተደግፎ በሩ ላይ ቆመ። "ምን ልታደርጉት?"

"ከሰፈራችን ይውጣ። መቅሰፍት ያመጣብናል። ልጆቻችን ጦር ሜዳ ናቸው።"

"የእኔም ልጅ ጦር ሜዳ ነው" አለ አባባ። "ይህኛውም ልጄ ነው። ከዚህ አልነሳም።"

እገፋዋለሁ ብሎ ይሁን ሊመታው ፈልጎ አላውቅም፣ አንዱ ዱላውን ሰነዘረ። የአባባን የእጅ አንጓ አገኘው። አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁት። ያን ጊዜ የቀሩት የቅኔ ተማሪዎች ከጎጆአቸው ወጡ፤ ድንጋይና በትር ይዘው። አንዱ ሰውዬ ጆሮው ተተርትሮ ሮጠ። ሌላውን መሬት ላይ ጥለው ሲረግጡት "ተዉ! ልጆች፣ ተዉ!" እያለ አባባ በደህና እጁ ጎተታቸው።

እኔ? እኔ የእንጨት ፍልጥ ይዤ ነበር። አንዱን ጀርባው ላይ መትቼዋለሁ። መጸጸት ቀርቶ ደስ አለኝ። ማታ ላይ ፍልጡን እሳት ውስጥ ጨመርኩት።

የአባባን እጅ በካርቶን አሰርኩት። ሙሉቀን በሩ ስር ሆኖ ያለቅስ ነበር። "ልሂድላችሁ" ይላል። እማዬ ነጠላውን ደበቀችበት። ነጠላ ከሌለው የማይወጣ ይመስል።

ረቡዕ፣ ግንቦት 16

ትናንት አልጻፍኩም። ድንጋይ ብቻ ነበር።

ሙሉቀን በግራ እጁ መጻፍ እየተለማመደ ነው። እንደ ሕፃን ነው የሚጽፈው። ዛሬ አጠገቡ ተቀምጬ ጣቶቹን በሞቀ ውኃ አሸሁለት። ስለ እሑዱ ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት "አውቃለሁ" አለኝ። አላስጨረሰኝም።

ዓርብ፣ ግንቦት 18

ይበልጣል መጣ!!!

እማዬ ጩኸቷ እስከ ክሊኒኩ ተሰምቷል ይላሉ። ሮጬ ስደርስ ግቢው ሰው ሞልቶታል። ድንጋይ ሲወረውሩ የነበሩትም አሉበት። ዩኒፎርሙን እንደለበሰ ነው፤ ከስቷል፣ ጠቁሯል። የግራ እጅጌው ከክርኑ በታች በመርፌ ቁልፍ ተይዟል።

መድፍ ነው። መጋቢት ላይ። ሁለት ወር መቀሌ ተኝቶ አንዲት መስመር አልጻፈልንም። "ምን ብዬ ልጻፍ? በየትኛው እጄ?" ብሎ ሳቀ። ቀኝ እጁ እኮ ደህና ነው። ዝም ብሎ ነው።

ሰው ሁሉ ጉልበቱን ይስማል። ጀግና፣ ጀግና። እሱ ግን ጣሪያውን እያየ፣ "ቆርቆሮው ምን ሆኖ ነው የጎደጎደው?" አለ።

አጠገቡ የቆሙት አንድ በአንድ ወደ በሩ ወጡ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 19

ጠዋት ነገርኩት። ከሌላ ሰው ሳይሰማ ብዬ። ሙሉውን።

ቡናውን አስቀመጠና ወደ ሙሉቀን ክፍል ገባ። በአንድ እጁ ኮሌታውን ይዞ ከግድግዳው ጋር አላተመው። የሰፋሁት ቦታ ሲደማ አየሁ።

"እውነት ነው?"

ሙሉቀን አልዋሸም። "እውነት ነው፣ ወንድም ጋሼ።"

ይበልጣል እጁን አነሳ። ቡጢ ጨብጧል። በመካከላቸው ገባሁ፤ በትከሻው ወረወረኝ። ከዚያ ግን ቡጢው እንደተነሳ ቀረ። የሙሉቀንን ጣቶች እያየ ነበር፤ ጥቁርና ወይን ጠጅ ሆነው ያበጡትን።

"በእግራቸው ነው?" አለ።

"በእግራቸው ነው" አለው ሙሉቀን።

ለቀቀው። ወጥቶ ሄደ። ሁለት ሰዓት ያህል ቆየ። የት እንደነበር አልተናገረም።

ከሰዓት አቶ ዓለሙ ሦስት ሽማግሌ አስከትለው መጡ። በግ ይዘዋል፣ ሙክት። ለጀግናው ነው አሉ። ስሜነህ ከኋላቸው ነበር፤ ልብሱ የታጠበ፣ ጸጉሩ የተበጠረ። እማዬ ደንግጣ ወንበር አወጣች።

አባባ የታሰረ እጁን በደረቱ ይዞ ተነሳ።

"አቶ ዓለሙ፣ በጉን ይመልሱ።"

"መሪጌታ፣ ምን አጠፋን? ለልጅዎ ክብር ነው እኮ።"

"የትኛው ልጄ? ሁለት አሉኝ። ታናሹ ያጠፋው ካለ ለንስሐ አባቱና ለፈጣሪው ይናገራል፤ እኔም እናገረዋለሁ። የእርስዎ ልጅ ያፈሰሰው ደም ግን እዚያ ራሱ ላይ ነው፤ ገብተው ይዩት። አንዱን ልጄን ቀጥቅጣችሁ ለሌላው በግ አታርዱልኝም።"

አቶ ዓለሙ አመድ መሰሉ። ሽማግሌዎቹ መሬት መሬቱን ያያሉ። ስሜነህ ወደ መስኮቱ ሲያይ አየሁት። ሙሉቀን መስኮቱ ላይ ነበረ። ለአንድ አፍታ ተያዩ። ልጁ ዓይኑን በእጅጌው ሲጠርግ አይቼ ልጠላው ሞከርኩ፤ ግማሹን ብቻ ቻልኩ።

በጉን እየጎተቱ ወጡ።

ይህን ሁሉ ብሎ አባባ አሁንም ከሙሉቀን ጋር አይነጋገርም።

ሰኞ፣ ግንቦት 21

ፈተና ተጀመረ። ጠዋት ስነሳ ይበልጣል ዩኒፎርሙን ለብሶ ጫማውን በአንድ እጅ ለማሰር ይታገላል። አሰርኩለት።

"የት ነው?"

"ትምህርት ቤት። ወንድሜ ይፈተናል።"

ሁለቱ ጎን ለጎን በዋናው መንገድ ሄዱ። ሰው ከየሱቁ ብቅ ብሎ ያያል። አንድም ድንጋይ አልተወረወረም። ይበልጣል በሩ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፤ ፈተናው እስኪያልቅ ከዚያ ንቅንቅ አላለም። ምሳ ሳደርስለት ቁስሉ እንደሚያመው ፊቱ ላይ ያስታውቃል።

"ነገሩ ገባህ እንዴ?" አልኩት።

"አልገባኝም። አልወደድኩትምም። ግን ስንት ሰው ሲረገጥ ልይ?" አለና እንጀራውን ጠቀለለ።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 22

ሙሉቀን በቀኝ እጁ ጽፏል። ደስ ብሎኝ ላብድ ነው። ሂሳቡ ከብዶታል፤ እንግሊዝኛው ቀሎታል።

ስሜነህ ጠዋት በሩ ላይ ሲደርስ ይበልጣል ብድግ አለ አሉኝ። ልጁ ደርቆ ቆመ፤ የሚመታው መስሎት። ይበልጣል ግን "ግባ፣ ፈተናህን ተፈተን" ብቻ አለው። ልጁ እያለቀሰ ገባ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 23

አለቀ። ፈተናው።

ምሳ እየበላን ነበር፤ ሁለቱም ቤት ናቸው። ሬዲዮው ጦርነቱ አበቃ አለ። ገና ሳይጨርስ ከየአቅጣጫው ተኩስ ተነሳ። ክላሽ፣ ምንሽር፣ ከቤታችን ጀርባ ሳይቀር። የደስታ ነው፤ እልልታውም ተከትሏል።

እነሱ ግን እልልታውን አልሰሙም። ሙሉቀን "መጡ!" ብሎ ከወንበሩ ወደቀ። ይበልጣል ትሪውን ገልብጦ ላዩ ላይ ተጣለበት፤ ጭንቅላቱን በደረቱ ሸፈነለት። ተንከባለው ሁለቱም አልጋው ስር ገቡ፣ ወጥ በወጥ ሆነው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው። እማዬና እኔ ቆመን ቀረን።

መጀመሪያ የሳቀው ማን እንደሆነ አላውቅም። ከአልጋው ስር ነው የመጣው። ሳቅ ነበር፣ ከዚያ የአንዳቸው ሳቅ ወደ ለቅሶ ተለወጠ፤ የማን እንደሆነ እንጃ።

አባባ ከጎጆው ሮጦ ገባ። መሬት ላይ ያሉትን ልጆቹን አየ። የይበልጣል ቁስል ተላቆ ፋሻው ቀልቷል።

"ሙሉቀን" አለ። ከዚያን ቀን ወዲህ ስሙን ሲጠራው የመጀመሪያው ነው። "ተነስ። ወንድምህን አንሳው፤ ይደማል።"

አነሳው። ፋሻውን ስቀይር ሙሉቀን ክንዱን ደግፎ ያዘልኝ። እጄን ስታጠብ ውኃ ያፈሰሰልኝ እሱ ነው። ፊቱን አየሁት፤ እሱም አየኝ።

ሙሉቀን ቅዳሜ ወደ ባሕር ዳር ይሄዳል፣ አክስታችን ጋ፤ ውጤት እስኪመጣ ነው ብለናል። ከዚያ በኋላ ያለውን ማናችንም አላነሳንም። አባባ አንድ ቃል ተናገረው እንጂ ሌላ አልጨመረም። ይበልጣልም ተኝቶ ይቃዣል።

ቀደም ሲል ፋሻውን ሳስር ሙሉቀን ይበልጣልን ጠይቆት ነበር፣ "እውነት አበቃ ግን?"

ይበልጣል ውጭ የሚተኮሰውን ለጥቂት ጊዜ አዳመጠ።

"ሬዲዮው እንዲያ ነው ያለው" አለው።