የአባባ ሁለት ጣቶች

ውድ ወንድሜ፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ በሌላ ቃል መጀመር ስላልለመድኩ ነው። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ በሆዴ ስጠራህ የዋልኩባቸው ስሞች ወረቀት ላይ አይጻፉም። በእጄ የምጽፍልህም ወድጄ አይደለም። ኮምፒውተሩ ተነስቷል፤ ግን አባባ ፊት ለፊቱ ተቀምጦ ይውላል፣ የምጽፈውን ሁሉ ያነባል፣ ይህን ደግሞ እንዲያነበው አልፈልግም። ስለዚህ መቁረጫ ጠረጴዛዬ ላይ ጨርቁን ገፋ አድርጌ፣ እንደ ሌባ በሩን በሩን እያየሁ እጽፍልሃለሁ። ሌባው እኔ ባልሆንም።

አባባ አንደበቱ ከተዘጋ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። ቀኝ እጁ እንደማይታዘዝለት ታውቃለህ፤ ስልክ ስትደውል «እንዴት ነው?» ማለት አይሰለችህም። ያ አሮጌ ኮምፒውተር ለእኛ ቤት ምን እንደሆነ ግን ያወቅህ አይመስለኝም። ሠላሳ ዓመት ማተሚያ ቤት ተቀምጦ የሰው ጽሑፍ ሲያርም የኖረ ሰው፣ ዛሬ በግራ እጁ አንድ ጣት ፊደል እየለቀመ ነው የሚያናግረኝ። «ሻዩ ቀዝቅዟል።» «መስኮቱን ዝጊው።» «ትናንት ለደንበኛሽ የሰጠሽው መልስ ልክ አልነበረም።» አራት ነጥቡን ሳያስቀምጥ እጁን አያነሳም። እኔም አራት ነጥቡ እስኪመጣ ቆሜ እጠብቃለሁ፤ ከዚያ በፊት ከመለስኩለት ይቆጣል።

ባለፈው ወር መጥተህ ሁለት ቀን አብረኸን ቆየህ። በሁለተኛው ቀን ጠዋት እኔ በወዲህኛው ክፍል ደንበኛ ልብስ እያስለካሁ፣ አንተ ከአባባ ክፍል ብቅ ብለህ ካቻቪቴ ጠየቅኸኝ። «ይቺን ሲፒዩ አቧራ በልቷታል፤ ልጠርግላችሁ» አልክ። ምን ብዬ እንደመለስኩልህ ታስታውሳለህ? «ተባረክ» ነው ያልኩህ። ያቺን ቃል መልስልኝ።

አንተ ከሄድክ ወዲህ ኮምፒውተሩ መንቀርፈፍ ጀመረ። ጠዋት ተጭነነው፣ ቁርስ በልተን ዕቃ አጥበን ነበር የሚነሳው። ዕድሜው ነው ብዬ ተውኩት። ከዚያ አንድ ቀን አባባ ብርሃን እንዲያገኝ ብዬ ጠረጴዛውን ከነኮምፒውተሩ ወደ መስኮቱ ጎተትኩት። ስጫነው አረንጓዴዋ መብራት በራች፣ ፋኑ ዞረ፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር ሆኖ ቀረ። ሦስት ጊዜ ረዘም አድርጎ ጮኸና ዝም አለ። ገመዱን ነቅዬ መለስኩ፣ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያውን ቀየርኩ፣ የስክሪኑን ገመድ አጠበቅሁ። ያው ነው። ወደ ማን እደውላለሁ? ወደ ኢንጂነሩ።

«መብራቱ ይበራል?» አልከኝ።

«ይበራል። ፋኑም ይዞራል። ግን ይጮኻል፣ ከዚያ ምንም የለም።»

ዝም አልክ። ያኔ እያሰብክ መስሎኝ ነበር።

«ማዘርቦርዱ ሄዷል» አልክ በመጨረሻ። «ሞቷል፣ በቃ። ጣሉት።»

«ከፍቼ ልየው?»

«እንዳትነኪው። ኤሌክትሪክ ይጨርስሻል። እኔ አዲስ እልክላችኋለሁ።»

እኔም አመንኩህ። በእኛ ቤት ያቺን የተበላሸች ሬዲዮ ጠግነህ ካናገርክ ጀምሮ አንተ ኢንጂነሩ ነህ፣ እኔ ደግሞ «አትንኪው» የምባለው ነኝ። በየሳምንቱ የስፌት መኪናዬን እስከ አንጀቷ ፈትቼ፣ ጠርጌ፣ ዘይት ሰጥቼ የምገጥም ሰው፣ አንተ ስላልክ ብቻ አራት ብሎን መፍታት ፈራሁ። በዚህ የምናደደው በራሴ ነው፤ በሌላው ሁሉ በአንተ።

አሥራ አንድ ቀን ቆየን። አሥራ አንድ ቀን አባባ ቃል አልነበረውም። በግራ እጁ እስክሪብቶ አስያዝኩት፤ የወጣለትን መስመር አይቶ ወረቀቱን ጨመደደው። የልጆች የፊደል ገበታ ዘርግቼ በጣትህ አሳየኝ አልኩት፤ እጁ ተንቀጥቅጦ ከአንዱ ፊደል ሌላው ላይ አረፈ፣ የሳተውን ማጥፊያ ሲያጣ ገበታውን ወደ መሬት ገፋው። ስልክማ ፊደሉ ለእሱ ጣት ጤፍ ነው። ከዚያ በኋላ አንድ ነገር ብቻ ያዘ። እኔ በገባሁ ቁጥር ሁለት ጣቱን ያነሳና አንዷን ያጥፋል። ሁለት፣ ከዚያ አንድ። ሁለት ትራስ አመጣሁ። ሁለት ብርድ ልብስ አለበስኩት። ሁለት ሰዓት ሲል መድኃኒት ሰጠሁት። ዓይኑን ጨፍኖ ራሱን ይነቀንቃል፣ ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ያነሳል። እኔም በመጨረሻ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ አእምሮውም ሄደ ብዬ አለቀስኩ።

በእነዚያ ቀናት መሃል ሁለት ቀን ሙሉ ሲያቃስት ዋለ። የት ነው የሚያምህ ብል ማን ይመልስልኝ። የህመም ማስታገሻ ሰጠሁት፣ ጀርባውን አሸሁት። በሦስተኛው ቀን አንሶላ ስቀይር ከወገቡ ስር ስፒል አገኘሁ። የእኔው ስፒል፤ አንሶላውን ስዘመዝም ረስቼው። ኮምፒውተሩ ቢሠራ «ስፒል» ብሎ በአንድ ደቂቃ ይጽፍልኝ ነበር። የወጋውን ቦታ እያየሁ ስልክ ደወልኩልህ፣ አዲሱ ኮምፒውተር የት ደረሰ ብዬ። «መንገድ ላይ ነው» አልከኝ። ዓይንህን በጨው ታጥበህ።

ከትናንት ወዲያ ከሰዓት፣ ማዕዘኑ ላይ ስልክና ኮምፒውተር የምትጠግነዋ ሴትዮ ሱሪ ልታሳጥር መጣች። ዱካ ላይ አቁሜያት ጠርዙን በስፒል ስይዝላት፣ አባባ እንደ ልማዱ የኮምፒውተሩን ቁልፍ ተጫነው። በየቀኑ ይሞክረዋል፣ ምናልባት ቢራራለት ብሎ። ሦስት ጊዜ ጮኸ።

«ምንድነው እሱ?» አለች።

«የሞተ ኮምፒውተር ነው። ማዘርቦርዱ ሄዷል።»

«ማን አለሽ?»

«ወንድሜ። ኢንጂነር ነው።»

«የሞተ ነገር እኮ አይጮኽም» አለች። «እንደዚህ የሚጮኸው ሚሞሪ ሲያጣ ነው። ክፈቺውና እናየዋለን።»

«ኤሌክትሪክ ይይዛል አለኝ።»

«ገመዱን ነቅለሽ ከየት መጥቶ ነው የሚይዝሽ?»

አንድ እግሯ በስፒል የተያዘ ሱሪዋን ሰብስባ አባባ ክፍል ገባች፣ ወንበር ላይ ተቀመጠችና እኔን ታዘኝ ጀመር። ገመዱን ንቀይ። የቀረው ኤሌክትሪክ እንዲያልቅ ቁልፉን ይዘሽ ትንሽ ቆዪ። ብረቱን ንኪ። ብሎኖቹን ፍቺ። ክዳኑን አወጣሁት። ውስጡን ሳይ መጀመሪያ የገረመኝ አቧራው ነው። ከስፌት መኪናዬ ጥርስ ስር እንደማወጣው ብናኝ፣ ግራጫ ሆኖ ተጋግሮ፣ ፋኑን ሁሉ ሸፍኖታል። ጠረግኩት ያልከው አቧራ ነው ይሄ።

«ሚሞሪው ያቺ ቀጭን ረጅም ሰሌዳ ናት» አለች ሴትዮዋ። «ስንት ናት?»

«አንድ ናት። አጠገቧ ባዶ ማስገቢያ አለ።»

«ያለችው በደንብ ገብታለች?»

አልገባችም። በአንድ ወገን መያዣዋ ተከፍቶ ተንጋዳለች፤ ጠረጴዛውን ስጎትተው የቀራትን ለቃለች። ባዶውን ማስገቢያ ግን ጎንበስ ብዬ አየሁት፣ አላመንኩም፣ በጣቴ ነካሁት። ዙሪያው ሁሉ አቧራ ለብሶ እሱ ብቻ ንጹሕ ነበር።

ቀና ስል አባባ እያየኝ ነው። ሁለት ጣቱን አነሳ። አንዷን አጠፈ።

ምን እንደሆንኩ ልነግርህ አልችልም። ሴትዮዋ የምትለውን እየሰማሁ እጄ ብቻ ነበር የሚሠራው። ላጲስ አምጪ አለችኝ፤ ከአባባ መሳቢያ ከማተሚያ ቤት ዘመን የቀረችውን አወጣሁ። የሰሌዳዋን ቢጫ ጥርሶች በላጲሱ አሸሁ፣ እፍ አልኩ፣ በሁለቱም ጫፍ ቀጭ እስክትል ተጫንኳት። ገመዱን ሰካሁ። አባባ ራሱ ቁልፉን ነካ። አንዴ አጭር ድምፅ ሰጠና ስክሪኑ በራ።

እየተንቀረፈፈ ተነሳ። አባባ ወንበሩን እንዳስጠጋለት በዓይኑ ጠቀሰኝና መልቀም ጀመረ። በአሥራ አንድ ቀን ዝምታ ውስጥ ያጠራቀመው የመጀመሪያው ቃል ይሄ ነው፦

«ሁለት ነበሩ። አንዱን ወሰደው።»

ሴትዮዋ አነበበች፣ እኔን አየችኝ፣ «ለሱሪው ነገ እመጣለሁ» ብላ ከነስፒሉ ወጣች።

ነቅቶ ነበር እኮ፣ ወንድሜ። አልጋው ላይ ሆኖ ክዳኑን ስትከፍት፣ ነቅለህ ኪስህ ስትከት አይቶሃል። ዓይን ለዓይን ተያይታችኋል? ወይስ አፉ ስለተዘጋ ዓይኑም የተዘጋ መሰለህ? አንተ ከሄድክ በኋላ ኮምፒውተሩ ስንት ቀን ሠርቷል፤ ያን ሁሉ ቀን መጻፍ ሲችል አንዲት ቃል አልጻፈብህም፤ ጣቱን ያነሳው ኮምፒውተሩ ሲዘጋበት ብቻ ነው። ለምን አልነገርከኝም ብዬ ጮኽኩበት። አዎ፣ አባባ ላይ ጮኽኩ፣ እሱንም ጨምርበት።

«ሳይቸግረው አይወስድም።» ብሎ ጻፈ።

«ቢቸግረው መጠየቅ ያቅተዋል?» አልኩት።

ይጽፋል፣ ያጠፋል፣ እንደገና ይጽፋል። እኔም ቆሜ አራት ነጥቡን ጠበቅሁ።

«ማየቴን ከነገርኩት አይመጣም።»

ከዚያ ሁለት መስመር ወረድ ብሎ፦ «አንቺም እንዳትነግሪው።»

አንዷ ሰሌዳ ለምን እንዳስፈለገችህ አላውቅም። ለራስህ ኮምፒውተር ይሁን፣ ለሌላ ሰው ይሁን፣ ግድ የለኝም። ብትለምነኝ በእጄ ነቅዬ እሰጥህ ነበር፣ «ተባረክ» ብዬ ጭምር። አንጀቴን ያሳረረው የወሰድከው አይደለም። ሦስት ጊዜ እንደሚጮኽ በስልክ ስነግርህ ምን እንደሆነ ገብቶሃል። «አጥብቀሽ ተጫኚው» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብህ። አንዲት ቃል። ከፍቼ ባዶውን ቦታ እንዳላይ ብለህ የአባትህን አንደበት ጣሉት አልክ። እኔ ትራስ ስደረድር፣ እሱ ስፒል ላይ ተኝቶ ሲያቃስት፣ አንተ «መንገድ ላይ ነው» ትለኛለህ። መንገድ ላይ ምንም አልነበረም።

በሕይወቴ የአባባን ትእዛዝ ስጥስ ይህ የመጀመሪያዬ ነው፤ ይኸው ነገርኩህ። አስቤበት ነው። እሱ «ከነገርኩት አይመጣም» ይላል፣ ዝም ብንልህም ያው በዓመት ሁለት ቀን ነው የምትመጣው። ስለዚህ ና። ሰሌዳዋን ብታመጣም ባታመጣም፣ አዲስ ኮምፒውተር ተሸክመህ ግን አትምጣ። ባዶ እጅህን መጥተህ ጎኑ ተቀመጥ፣ የሚጽፍልህን እስከ መጨረሻው ጠብቅ፣ አራት ነጥቡን ሳያስቀምጥ አፍህን አትክፈት። እኔ ምን እንደምልህ ገና አላወቅሁም፤ ጥሩ ነገር እንዳትጠብቅ።

ዕድሜውን ሙሉ የሌላውን ስህተት ሲለቅም ኖሯል፤ እሱ ሲሳሳት ግን አይቼ አላውቅም። «አይመጣም» ባላት በዚህች በአንዷ እንኳ ተሳስቶ ልየው።

ተባረክ ብላህ የነበረችው
እህትህ