መኪናዬን ቤት ናት ብለው ላፈረሱልኝ ኃላፊ

ለተከበሩ የግንባታ ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል እላለሁ። በተለይ ቀኝ እጅዎ፣ ያቺ ወረቀት ሳታነብ የምትፈርመው እጅዎ፣ ቁርጥማትም ወለምታም ሳይነካት ከነሙሉ ጉልበቷ እንድትቆይልን ከልብ እመኛለሁ። የልጄ ግራ እጅ ለእርስዎ ሰላምታ ለማቅረብ አልተመቻትም፤ ከክርን በታች ሁለት ቦታ ተሰብራ ጄሶ ውስጥ ናት።

እኔን ባያውቁኝ አልፈርድብዎትም። በጓሮዬ ባለች የቆርቆሮ ክፍል በርና መስኮት እየበየድኩ የምኖር የሃምሳ ስድስት ዓመት ሴት ነኝ። ልጄ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ናት፤ ቀኑን ሙሉ በየፌርማታው ስትቆም ስለምትውል ተሳፋሪዎቿ «ቀስታ» የሚል ስም አውጥተውላታል። ይህችው ቀስታ ከአምስት ዓመት በፊት አንድ ቀን ከሥራ ገብታ ጫማዋን እያወለቀች፣ «እማዬ፣ ሳልቆም የምነዳው አንድ ነገር ሥሪልኝ» አለችኝ። የሰው ልጅ ከእናቷ ቀሚስ ትጠይቃለች፣ የእኔዋ በሰዓት ሦስት መቶ አርባ ኪሎ ሜትር ጠየቀችኝ።

እኔም ሞኝ ነኝና እሺ አልኩ። ወንድሜ እዚሁ አጠገባችን ሱቅ ያለው የቶርኖ ባለሙያ ስለሆነ ቸርኬዎቹን እሱ አወጣ፤ እኔ ደግሞ ሹፌሯን ከራስ እስከ እግር የሚከባትን ቀፎ ከወፍራም ቱቦ በየድኩና ከላይ ላሜራ አለበስኩት። ሞተሩ ከተገጨ የስፖርት መኪና የወጣ ነው። መኪናዋ ርዝመቷ ዘጠኝ ሜትር ከሃያ፣ ስፋቷ ከሰው ትከሻ ጥቂት የሚበልጥ፣ ከፍታዋ ወገቤ ድረስ ሲሆን የምትነዳትም ሴት በጀርባዋ ተንጋላ ነው የምትነዳት። በዓመት አንድ ጊዜ፣ ከከተማው ውጭ ያለው ሐይቅ ደርቆ ሜዳ ሲሆን፣ የመኪና ፍጥነት የሚለኩ ሰዓት መዝጋቢዎች እዚያ ለሦስት ቀን ድንኳን ይተክላሉ፤ ከዚያ ዝናቡ ይመጣና ሜዳው ተመልሶ ውሃ ይሆናል። ዘንድሮ ተመዝግበናል። ይህን ስጽፍልዎ የቀረን አሥራ አንድ ቀን ነው።

እንግዲህ ወደ ምስጋናዬ ልግባ፤ ብዙ ስለሆነ በቁጥር አድርጌዋለሁ።

1ኛ. ስለ ባለሙያዎ ዓይን። ከወር በፊት አንድ የጽሕፈት ቤትዎ ተቆጣጣሪ ሜትር ይዞ ወደ ግቢዬ የመጣው እኔ ኤሌክትሮድ ልገዛ በወጣሁበት ሰዓት ነው። የመኪናዋ ጎማዎች ሊመጣጠኑ ወንድሜ ሱቅ ሄደው ስለነበር አካሏ ያረፈው ካቫሌቶ በምንላቸው አራት የብረት መደገፊያዎች ላይ ነበር። ወንድሜ ይህች መኪና ናት ቢለው፣ ጎማዋ የት አለ ብሎ ጠየቀው፤ «እኔ ሱቅ ነው ያለው» ሲለው፣ «ነዋሪው በሥራ ላይ ባለ ባለሙያ አሹፏል» ብሎ ጻፈበት። ከዚያም ለካ። የመመሪያዎ አንቀጽ ከስድስት ሜትር የሚበልጥና ጎማ የሌለው ማንኛውም ነገር ግንባታ ነው ስለሚል፣ እነሆ በእጄ ባለው ሪፖርት ላይ ልጄ «በአራት ምሰሶ ላይ የቆመ፣ መስኮት የሌለው፣ ለኪራይ ሳይዘጋጅ እንዳልቀረ የሚገመት ጠባብ ቤት» ባለቤት ሆናለች። ተከራዩ እንደ እባብ ተስቦ ይገባ እንደሆነ ባለሙያው አላብራራም፤ ትሕትናው ይሆናል።

2ኛ. ስለ እኔ ፊርማ። ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ፣ ስለዚህ ለአንድ አፍታ ማሾፌን ላቁም። ከጓሮዬ በስተጀርባ ባለቤቱ ጀምሮ የተወው የሕንፃ ግንብ ወደ ክፍሌ አዝምሟል፤ ከዛሬ ነገ በላያችን ይናዳል እያልኩ ለእርስዎ ጽሕፈት ቤት በሦስት ዓመት ውስጥ ሰባት ማመልከቻ አስገብቻለሁ። ስለዚህ ያን ዕለት ጠዋት ስድስት ወንዶች ሦስት ትልልቅ መዶሻና ሁለት ዲጂኖ ተሸክመው በሬን ሲያንኳኩ፣ ነጭ ኮፍያ ያደረጉት አለቃቸውም «ያለ ፈቃድ የተሠራ ግንባታ ይፍረስ» የሚል ወረቀት ሲዘረጉልኝ፣ ለግንቡ የመጡ መስሎኝ የመጀመሪያውን መስመር ብቻ አንብቤ በሩ አጠገብ ባለ በርሜል ላይ አስደግፌ ፈረምኩ። በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩላቸው። ከጓሮ ነው ብዬ መንገዱን በእጄ አሳየኋቸው። «በርቱ ልጆቼ፣ ጠንካራ ነው፣ እንዳትሳሱለት» አልኳቸው። ይህን የተናገረው አፌ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ምግብ አይጥመኝም።

እነሱ አልሳሱም። እኔ የሚጠጡት ውሃ በጆግ ልቀዳላቸው ወደ ጓዳ ገባሁ።

3ኛ. ስለ ሰዎችዎ ጉልበት። ልጄ የዕረፍት ቀኗ ስለነበር ተኝታለች ብዬ ነበር፤ እሷ ግን ፔዳሎቹ ከእግሯ ጋር መግጠማቸውን ልታይ መኪናዋ ውስጥ ገብታ፣ ክዳኑን በላይዋ ዘግታ ተንጋላለች። የመጀመሪያው መዶሻ የመኪናዋ አፍንጫ ላይ አረፈና ሁለት ወር ሙሉ የቀጠቀጥኩትን ላሜራ እንደ ቆርቆሮ ጣሳ አጨማደደው። ዲጂኖ የያዙት የጎኗን ልብስ እንደ ቆዳ ገፈፉት። ራዲያተሩ ፈነዳ፣ ውሃው በመሬት ፈሰሰ። ልጄ ከውስጥ በቡጢ ክዳኑን ትደበድባለች፣ ትጮሃለች፤ እነሱም ብረቱ ነው የሚያስተጋባው ብለው ይብስ ጨከኑ። አለቃው፣ «መሃሉ ጠንክሯል፣ እዚህ ላይ ተባበሩ» ብለው ሦስቱን መዶሻዎች በአንድ ላይ ሰበሰቧቸው። መሃሉ የጠነከረው፣ ክቡር ሆይ፣ ቀፎው ስለሆነ ነው፤ ቀፎውም ያለው ልጄ ዙሪያ ነው።

በኋላ ምልክቶቹን ቆጠርኳቸው። አሥራ አራት ምት ቱቦው ላይ አርፏል። አንድም ቱቦ አልተጣመመም፣ አንድም ብየዳ አልተሰነጠቀም። መኪናዋ ብትገለበጥ ቀፎው ይችል ይሆን እያልኩ ስጨነቅ ለከረምኩት ለእኔ ይህን ፍተሻ በነጻ ስላደረጉልኝ አመሰግናለሁ። አሥራ አምስተኛው ምት ግን ልጄ ክዳኑን ከፍታ ለመውጣት በሁለት ቱቦ መሃል እጇን ባወጣችበት ቅጽበት ወረደ።

ያን ጩኸት ብረት ነው ያለ አልነበረም።

4ኛ. ስለ ጆሮ። ጆጉን እንደያዝኩ ደረስኩ። የልጄ እጅ መታጠፍ በሌለበት ቦታ ታጥፏል፣ ነጭ አጥንት ይታያል፣ ደሙ በቀይ ዝገት መከላከያ ቀለም በተቀባው ቱቦ ላይ ስለሚወርድ ቀለሙንና ደሙን መለየት አቃተኝ። ጆጉን መዶሻውን ያነሣው ሰውዬ ማጅራት ላይ ሰበርኩት። እሱ በጉልበቱ ሲወድቅ አለቃው ወገቤን ያዙኝ፤ እኔም ዞሬ ያገኘሁትን ነከስኩ። ያገኘሁት የግራ ጆሯቸው ነበር። የደሙ ጨው እስካሁን ምላሴ ላይ አለ። ከኋላ ሆነው ሁለት ሰዎች ፀጉሬን ጎትተው ባያላቅቁኝ ኖሮ ዛሬ አለቃው ኮፍያቸውን የሚያሳርፉበት ያጡ ነበር። ወንድሜ ጩኸቱን ሰምቶ ትልቅ የቧንቧ ቁልፍ ይዞ ከሱቁ ሲሮጥ ቢደርስም፣ እነሱ በአጥር ዘለው አንዱን መዶሻ ጥለው ሄደው ነበር። ዕድለኞች ናቸው፤ ወንድሜ ቀስ ብሎ መምታት አያውቅም። በሥነ ሥርዓቱ መሠረት ይቅርታ መጠየቅ ካለብኝ፣ ጆሮውን ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ባለቤቱን ግን አልጠይቅም።

5ኛ. ስለ መስተንግዶዎ። አቤት ልል ስመጣ ጸሐፊዎ፣ ቤቱ ስለፈረሰ ፋይሉ ተዘግቷል፣ የመኪና ጉዳት ከሆነ ወደ ትራፊክ ሂጂ አለችኝ። ትራፊክ ደግሞ ታርጋ የሌላትና መንገድ ረግጣ የማታውቅ ነገር መኪና አይደለችም ብሎ መለሰኝ። ልታፈርሷት ስትፈልጉ ቤት፣ ልትክሱኝ ሲገባችሁ ምንም የማትሆን ንብረት ስለሰጣችሁኝ ምስጋናዬ ወደር የለውም።

ክቡር ሆይ፣ ጽሑፌ ስለረዘመ ይታገሡኝ፣ አንድ ነገር ብቻ ቀርቶኛል። ልጄን ሆስፒታል አስተኝተን በተመለስን ማግስት ወንድሜና እኔ ላሜራውን አንድ በአንድ ቀጥ ማድረግ ጀመርን፤ አላማረችም፣ ግን ተዘጋች። ሞተሩን አልነኩትም ነበርና አስነሣነው፣ ግቢው ተንቀጠቀጠ፣ ያ የዘመመው ግንብዎ ሳይቀር ትንሽ አቧራ አራገፈ። ጎማዎቹም ገብተዋል፤ ከእንግዲህ በመመሪያዎ መሠረት ቤት አይደለችም።

የጎደለን ሹፌር ነበር። የልጄ ጄሶ የሚፈታው ዝናቡ ከገባ በኋላ ነው። መኪናዋ ደግሞ እንደ ቀሚስ ልክ የተወሰደላት ናትና ሌላ ሰው አይገባባትም፣ አንድ ሰው ሲቀር፤ ልጄ ሥራ ስትውል መቀመጫውን እየተንጋለልኩ ያስለካሁት እኔ ነበርኩ፣ ቁመታችንም አንድ ነው። ስለዚህ እኔ እነዳታለሁ። ፈርቻለሁ፣ አልዋሽዎትም፤ የብየዳ መነጽር ካልሆነ በቀር ፊቴን በምንም ነገር ሸፍኜ አላውቅም። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ልጄ ጄሶዋን በደረቷ አስራ አጠገቤ ትቀመጥና መሪውን እንዴት ቀለል አድርጌ እንደምይዝ ታስተምረኛለች። ትናንት፣ መሃል ላይ ብርክ ከያዘኝ ምን ላድርግ ብዬ ጠየቅኋት። ያቺ በየፌርማታው ስትቆም የምትውል ልጄ፣ «እማዬ፣ እንዳትቆሚ» አለችኝ።

ሥራ አላስፈታዎት፤ በሚቀጥለው የሚፈርሙት ወረቀት ላይ ጥላ እንዳልሆንብዎት ዘወር ልበል።

የፈረሰ ቤት ባለቤት፣ ያልፈረሰች መኪና ሹፌር፣ የስምንተኛ ማመልከቻ ጸሐፊ ሆኜ፣ ወገቤን እስኪያመኝ እጅ እየነሣሁ፣
በያጇ

ግልባጭ፦
ለትራፊክ ጽሕፈት ቤት
ጆሯቸውን በፋሻ ለታሰሩት አለቃ
ለዘመመው ግንብ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሰዎችዎ ጥለውት የሄዱት መዶሻ የመንግሥት ንብረት ስለሆነ እጀታውን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤ መልሻለሁ። መኪናዋ በፍጥነት ስትሄድ ፊቷ እንዳይነሣ አፍንጫዋ ላይ ክብደት ጎድሎን ነበርና ብረቱን እዚያ በይጄዋለሁ። የልጄ ደም ስላለበት አላጠብኩትም። ከፈለጉት ሰዎችዎን ወደ ሐይቁ ሜዳ ይላኳቸው፤ ከደረሱብኝ ይውሰዱት።